ለታመመ ጨቅላ ሃይድሮኮርቲዞን በየስንት ሰዓቱ ይሰጥ? መልሱ ያለው በሕፃኑ ጉበት ነው

ጥያቄው የመጣው በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከምትሠራ ነርስ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በ34 ሳምንት የተወለደ፣ 2.1 ኪሎ የሚመዝን የሦስት ቀን ጨቅላ የደም ኢንፌክሽን ይዞት ፈሳሽ ተሰጠው፣ የደም ግፊት የሚያነሣው ዶፓሚን ተጀመረለት፤ ግፊቱ ግን አልነሣ አለ። ሃይድሮኮርቲዞን ታዘዘ። አንዱ ሐኪም በየ6 ሰዓቱ ስጡት ይላል፣ ሌላው በየ12 ሰዓቱ። መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ሃይድሮኮርቲዞን ሲያልቅበት የዚያው ዓይነት የሆነውን ዴክሳሜታዞን ይልካል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ዴክሳሜታዞኑ ይተካዋል ወይ? መቼስ ይቆማል?

ሲስተር፣ ሁለቱም ሐኪሞች የያዙት እውነት አለ። በየ6 ሰዓቱ ያሉት ቀኑን ጨርሶ ለተወለደ ሕፃን የሚሆነውን ነው፤ በየ12 ሰዓቱ ያሉት ደግሞ በጣም ቀድሞ ለተወለደ የሚሆነውን። የእርስዎ ሕፃን ድንበሩ ላይ ነው ያለው። ለእሱ ተገቢ የምለው በኪሎ 1 ሚ.ግ አንድ ጊዜ መነሻ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኪሎ 0.5 ሚ.ግ በየ8 ሰዓቱ መቀጠል ነው። ሕፃኑ ከ35 ሳምንት ያለፈ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ዶዝ በየ6 ሰዓቱ፣ 27 ወይም 28 ሳምንት ላይ ቢሆን ደግሞ በየ12 ሰዓቱ እል ነበር። የሰዓቱን ርቀት የሚወስነው የሕመሙ ክብደት ሳይሆን የሕፃኑ አካል መድኃኒቱን የማስወገድ ዐቅም ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ሕፃኑ በጣም ስለታመመ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል፣ በጣም የታመመውና በጣም ቀድሞ የተወለደው ግን መድኃኒቱን ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚያስወግደው እሱው ነው።

ሃይድሮኮርቲዞን ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢያችን ራሱ የሚሠራው ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ነው። በቫያል የሚመጣው ዱቄት በውኃ እንዲሟሟ ሰክሲኔት የተለጠፈበት፣ ሃይድሮኮርቲዞን ሶዲየም ሰክሲኔት የሚባለው ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ኤስተሬዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ሰክሲኔቱን ይቆርጡታል፣ ኮርቲዞሉም ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ይህ ደረጃ በአብዛኛው ችግር አይፈጥርም። ነገሩ የሚወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው።

ደም ውስጥ የገባው ኮርቲዞል ሁሉ አይሠራም። በጤነኛ አዋቂ 90 በመቶ ያህሉ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው፤ ዋናው ተሸካሚ ትራንስኮርቲን ነው፣ ቀሪውን አልቡሚን በልል ይይዘዋል። ወደ ሴል ገብቶ የሚሠራውም፣ ጉበት አግኝቶ የሚያፈርሰውም ያልተጣበቀው ብቻ ነው። የአዋቂ ትራንስኮርቲን ኮርቲዞል በዴሲሊትር ከ20 እስከ 25 ማይክሮግራም ሲደርስ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው አብዛኛው ነጻ ሆኖ ይቀራል። ጨቅላ ደግሞ ሲወለድም ትራንስኮርቲኑ ዝቅተኛ ነው። ኢንፌክሽን ሲጨመርበት የነጭ ደም ሴሎች የሚለቁት ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ትራንስኮርቲኑን ይቆራርጠዋል። ትኩሳትም ፕሮቲኑ ኮርቲዞሉን የሚይዝበትን ጉልበት ያላላል። እነዚህ ለውጦች በተፈጥሮ ጥቅም አላቸው፤ ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ ኮርቲዞል እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ይነግሩናል። አንደኛ፣ ላቦራቶሪ የሚለካው ጠቅላላውን ኮርቲዞል ስለሆነ በታመመ ጨቅላ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢታይ ነጻው ኮርቲዞል አንሷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአዋቂ የተሰላን ዶዝ በኪሎ አውርደን ብንሰጠው ነጻ ሆኖ የሚሠራው ድርሻ ከጠበቅነው ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉበት እንግባ። በአዋቂ ኮርቲዞልን በዋናነት የሚያፈርሱት 5-አልፋ እና 5-ቤታ ሪዳክቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። የእነሱ ውጤት ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተጣምሮ በሽንት ይወጣል። ኩላሊት ውስጥ ደግሞ 11-ቤታ ኤችኤስዲ2 የሚባለው ኢንዛይም ኮርቲዞልን ወደማይሠራው ኮርቲዞን ይቀይረዋል፤ ጉበት ውስጥ ያለው 11-ቤታ ኤችኤስዲ1 ኮርቲዞኑን መልሶ ኮርቲዞል ያደርገዋል። በፅንስ ጊዜ ሚዛኑ ወደ ኮርቲዞን ያጋደለ ነው፤ የእንግዴ ልጁ ኤችኤስዲ2 የእናቱን ኮርቲዞል አብዛኛውን አፍርሶ ስለሚያሳልፈው ፅንሱ ከእናቱ ሆርሞን ይጠበቃል። ከወሊድ በኋላ ይህ ሚዛን ቀስ በቀስ ነው የሚገለበጠው። ለዚህ ነው የዚሁ ዓይነት የሆነው ፕሬድኒዞን ለጨቅላ የማይመረጠው፤ ጉበቱ መጀመሪያ ወደ ፕሬድኒዞሎን ካልቀየረው አይሠራም፣ የሚቀይረው ኢንዛይም ደግሞ ገና አልበረታም። የአፍ መድኃኒት ካስፈለገ ፕሬድኒዞሎን ራሱ ይሻላል።

የማጣመሩም ሥራ በጨቅላ ደካማ ነው። ቢሊሩቢን የሚከማችበትን ምክንያት ያውቁታል፤ ኢንዛይሙ የተለየ ቢሆንም ያው የጉበት አለመብሰል እዚህም አለ። አካሉ ታዲያ ሌላ መንገድ ይጠቀማል፦ በፅንስ ጉበት የሚበዛው ሲዋይፒ3ኤ7 የሚባለው ኢንዛይም ኮርቲዞሉን ወደ 6-ቤታ ሃይድሮክሲኮርቲዞል ይለውጠዋል። በአዋቂ ይህ ትንሽ መንገድ ነው፤ በጨቅላ ድርሻው ከፍ ይላል። ዋናው መንገድ ግን እስኪከፈት ድረስ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል።

በቁጥር ሲታይ፣ በጤነኛ አዋቂ የሃይድሮኮርቲዞን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሰዓት ነው። ቀኑን ጨርሶ በተወለደ የታመመ ጨቅላ 3 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ከ35 ሳምንት በታች በሆነው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይረዝማል። በጽኑ በታመሙና ግፊታቸው በመድኃኒት ባልነሣ ጨቅላዎች ላይ ያልተጣበቀው ሃይድሮኮርቲዞን ሲጠና፣ መድኃኒቱ የሚወገድበት ፍጥነት በ35 ሳምንት አካባቢ በግልጽ ሽቅብ ወጥቶ ከዚያ በኋላም እየጨመረ ሲሄድ ታይቷል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ዕድሜ ከእናቱ የመጨረሻ የወር አበባ ጀምሮ ያለው ነው እንጂ ከተወለደ ወዲህ ያለው ብቻ አይደለም። በ30 ሳምንት ተወልዶ አንድ ወር የሞላው ሕፃን አሁን 34 ሳምንት ላይ ነው ማለት ነው፤ «ወሩ ሞልቷል» ተብሎ እንደ ትልቅ ሕፃን አይታይ።

ይህ በዶዝ ላይ ምን ያደርጋል? ግማሽ ዕድሜው 3 ሰዓት የሆነ ሕፃን በየ6 ሰዓቱ ሲወስድ፣ ቀጣዩ ዶዝ በሚደርስበት ጊዜ ከቀደመው ሩብ ብቻ ነው የቀረው፤ ክምችቱ ቢበዛ ከአንዱ ዶዝ 1.3 እጥፍ ላይ ይቆማል። ግማሽ ዕድሜው 9 ሰዓት ነው ብለን ብናስብ ግን በየ6 ሰዓቱ ሲሰጥ ክምችቱ እስከ 2.7 እጥፍ ይደርሳል፤ በየ8 ሰዓቱ 2.2፣ በየ12 ሰዓቱ 1.7 ገደማ። ክምችቱ የሚሞላው ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደለም፣ ከ36 እስከ 45 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ደህና የዋለ ሕፃን በሁለተኛው ቀን ማታ ግሉኮሱ ሰማይ ሲነካ ምክንያቱ አዲስ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ከመሮጥ በፊት የዶዞቹን ርቀት ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሕመሙ ራሱ ማስወገጃውን ያዳክማል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአዋቂ ጽኑ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በከባድ ሕመም ጊዜ ኮርቲዞል ከፍ ብሎ የሚቆየው ዕጢው አብዝቶ ስለሠራ ብቻ ሳይሆን አካሉ ማፍረሱን ስለቀነሰ ጭምር ነው። በወሊድ ጊዜ የታፈነ ሕፃን ጉበቱም ኩላሊቱም ተጎድቷል፤ የኩላሊት መለኪያው ክሬአቲኒን ከፍ ሲል፣ ሽንት ሲያንስ፣ የጉበት ኢንዛይሞች ሲወጡ ርቀቱን ማስፋት እንጂ ማጥበብ አይገባም። ቅዝቃዜም አለ። ደብረ ማርቆስ ወይም ከጮቄ ሥር ካለ ጤና ጣቢያ ሌሊት በአምቡላንስ የመጣ ሕፃን ብብቱ ሲለካ 34 ዲግሪ ቢሆን፣ ኢንዛይሞቹ ሁሉ ዘግይተዋል፤ ግፊቱም ዝቅ ያለው በከፊል በብርዱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማሞቅ፣ ግሉኮስ መለካት፣ የፈሰሰ ደም ወይም በሳንባ ዙሪያ የገባ አየር አለመኖሩን ማየት፤ ሃይድሮኮርቲዞን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሴፕሲስ መመሪያም፣ የሚመለከተው ከ37 ሳምንት ጀምሮ ያሉትን ቢሆንም፣ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት ግፊቱን ካስተካከሉት ሃይድሮኮርቲዞን አትስጡ ይላል፤ ካላስተካከሉት ደግሞ መስጠትም አለመስጠትም ይቻላል ብሎ ውሳኔውን ለሐኪሙ ይተዋል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር የውጤቱ ሰዓት ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ግፊት የሚያነሣው በአብዛኛው ሴሎች ውስጥ ገብቶ አዲስ ፕሮቲን በማሠራት ነው፤ የዶፓሚንና የአድሬናሊን መቀበያዎች እንዲበዙ ያደርጋል፣ የደም ሥር የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግፊቱ መነሣት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ «አልሠራም» ብሎ ዶዙን መድገም ምንም አያፋጥን፣ ክምችቱን ብቻ ያበዛል። በእነዚያ ሰዓታት ሕፃኑን የሚያቆዩት ዶፓሚኑና አድሬናሊኑ ናቸው፣ እነሱን ማስተካከል ነው ያለው። ውጤቱ ደግሞ ከደም ውስጥ ቆይታው ይረዝማል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል።

አሁን ወደ ሲሪንጁ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድ። የ100 ሚ.ግ ቫያል በ2 ሚ.ሊ የመርፌ ውኃ ሲሟሟ በሚ.ሊ 50 ሚ.ግ ይሆናል። ከዚህ በቀጥታ ለጨቅላ አይቀዳም። 1 ሚ.ሊ (50 ሚ.ግ) በ10 ሚ.ሊ ሲሪንጅ ይውሰዱና 9 ሚ.ሊ ኖርማል ሳላይን ይጨምሩ፤ 10 ሚ.ሊ ሆኖ በሚ.ሊ 5 ሚ.ግ ይሆናል። የእርስዎ ሕፃን መነሻ ዶዝ 2.1 ሚ.ግ ነው፣ ከዚህ በ1 ሚ.ሊ ሲሪንጅ 0.42 ሚ.ሊ። ተከታዩ 1.05 ሚ.ግ ነው፣ 0.21 ሚ.ሊ። ሁለተኛውን ማቅጠኛ የዘለለ ሰው ያንኑ 0.42 ሚ.ሊ ከቫያሉ ቢቀዳ 21 ሚ.ግ ይሰጣል፣ በኪሎ 10 ሚ.ግ፣ ልክ አሥር እጥፍ። ስለዚህ የቀጠነው ሲሪንጅ ላይ ወዲያው «ሃይድሮኮርቲዞን 5 ሚ.ግ/ሚ.ሊ»፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፍ፤ ከሁለተኛ ሰው ጋር ሳይረጋገጥም አይሰጥ። ከ1 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ከዚሁ 2 ሚ.ሊ ወስዶ 8 ሚ.ሊ ሳላይን ጨምሮ በሚ.ሊ 1 ሚ.ግ ማድረግ ለመለካት ይቀላል።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይገፋል፣ በፊትም በኋላም መስመሩ በሳላይን ይታጠባል። ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀል፣ ዶፓሚኑ በሚሄድበት መስመርም አይገፋ፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ዶፓሚን በአንዴ ተገፍቶ ይገባና ግፊቱ ይዘላል። የቫያሉን ጽሑፍም ያንብቡ። አንዳንዱ ሃይድሮኮርቲዞን ከራሱ ማሟሚያ ጋር ይመጣል፣ ማሟሚያው ውስጥ ቤንዚል አልኮሆል ሊኖር ይችላል። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ይህን ማፍረስ ስለማይችል ደሙ አሲድ ይሆናል፣ እያቃሰተ ይተነፍሳል፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚህ ሳቢያ ጨቅላዎች ሞተዋል። ማሟሚያውን ጥለው በተራ የመርፌ ውኃ ያሟሙ። የቫያሉ ቀሪ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ።

ዴክሳሜታዞን ይተካዋል ወይ ለሚለው፣ ለዚህ ሕፃን መልሴ አይተካውም ነው። በፀረ ብግነት ኃይሉ 20 ሚ.ግ ሃይድሮኮርቲዞን ከ0.75 ሚ.ግ ዴክሳሜታዞን ጋር ይስተካከላል። በዚያ ሒሳብ የእርስዎ ሕፃን 2.1 ሚ.ግ ሃይድሮኮርቲዞን 0.08 ሚ.ግ ዴክሳሜታዞን ይሆናል፤ በሚ.ሊ 4 ሚ.ግ ካለው አምፑል 0.02 ሚ.ሊ ማለት ነው፣ በየትኛውም ሲሪንጅ በትክክል አይለካም። ከልኬቱ በላይ ግን ሦስት መሠረታዊ ልዩነት አለ። ዴክሳሜታዞን ጨው የሚይዝ ኃይል የለውም፤ ሶዲየሙ ለወረደ ሕፃን አይጠቅምም። ትራንስኮርቲን አይዘውም፣ ከአልቡሚን ጋር ነው የሚዞረው። የሚፈርሰው ደግሞ በሲዋይፒ3ኤ4 ነው፣ ይህ ኢንዛይም በወሊድ ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት እያደገ ዓመት ሳይሞላ ወደ አዋቂው መጠን ይጠጋል። ስለዚህ በአዋቂ 3 ወይም 4 ሰዓት የሆነው ግማሽ ዕድሜው በጣም ቀድሞ በተወለደ ሕፃን ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል፣ ሴል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከ36 ሰዓት በላይ ይቆያል። አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። በመጀመሪያው ሳምንት ለጨቅላ የተሰጠ ዴክሳሜታዞን ከአንጎል ሽባነት ጋር ተያይዟል፤ ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ዴክሳሜታዞን በጨቅላ ክፍል ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ሳምንታት ሙሉ ከመተንፈሻ ማሽን መላቀቅ ላቃተው ሕፃን የሚሰጠው ዝቅተኛ ዶዝ አለ፤ በቀን በኪሎ 0.15 ሚ.ግ ለ3 ቀን፣ 0.10 ለ3 ቀን፣ 0.05 ለ2 ቀን፣ 0.02 ለ2 ቀን፣ በአጠቃላይ 0.89 ሚ.ግ በኪሎ። ያ ግን ሌላ ሕፃን፣ ሌላ ጊዜ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ከሌለ ለግፊት ዴክሳሜታዞን ከመተካት አድሬናሊን መጀመርና ሃይድሮኮርቲዞን ከቅርብ ሆስፒታል ማስመጣት ይሻላል።

እናቲቱ ከወሊድ በፊት ዴክሳሜታዞን ወስዳ ከሆነ ይጠይቁ፤ የተለመደው 6 ሚ.ግ በጡንቻ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ነው። የእንግዴ ልጁ ኢንዛይም ዴክሳሜታዞንን ስለማያፈርስ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ለሳንባው የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ ኮርቲዞል ዝቅ ብሎ ሊገኝ፣ ግሉኮሱም ሊወርድ ይችላል።

በክፍላችሁ ከሃይድሮኮርቲዞን ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው። ለመንቀጥቀጥ በኪሎ 20 ሚ.ግ መነሻ፣ ከዚያ በቀን በኪሎ እስከ 5 ሚ.ግ የሚሄድ ሕፃን ጉበቱ ሲዋይፒ3ኤ4ን እያበዛ ይመጣል፤ ውጤቱ ግን በመጀመሪያው ቀን አይታይም፣ ቀናት እስከ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ስቴሮይድ (ሃይድሮኮርቲዞንና መሰሎቹ) ላይ ያለ ሕፃን መልስ መስጠት ካቆመ ፌኖባርቢታሉን ያስቡ። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል በተቃራኒው ማፍረሱን ያዘገያል። ከአንድ ወር በላይ ለሆናቸው ሕፃናት ደግሞ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን አለ፤ የአንጎል ሽፋን ቲቢ ያለበት ሕፃን ፕሬድኒዞሎን ሲሰጠው ሪፋምፒሲኑ የመድኃኒቱን መጠን በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያወርደዋል፤ የስቴሮይዱ ዶዝ ሲወሰን ይህ ይታሰብ። ፀረ ብግነቶቹ ኢንዶሜታሲንና አይቡፕሮፌን ከሃይድሮኮርቲዞን ጋር በአንድ ሳምንት አይገናኙ። በጣም ቀድመው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተደረገ የሃይድሮኮርቲዞን ጥናት ከኢንዶሜታሲን ጋር አንጀት እየተበሳ ስላስቸገረ ቀድሞ ተቋርጧል። ሆዱ ድንገት ከተነፋና ከጠቆረ ወዲያው ምግብ ቆሞ ራጅ ይነሣ።

ግሉኮስ ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት፣ ከዚያ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ ይለካ። 10 በመቶ ግሉኮስ በቀን በኪሎ 80 ሚ.ሊ ሲሄድ በደቂቃ በኪሎ 5.6 ሚ.ግ ስኳር ይሰጣል፤ 60 ሚ.ሊ ሲሄድ 4.2 ነው። ከ180 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በላይ ቢወጣና ቢቀጥል በመጀመሪያ የስኳሩን ፍጥነት መቀነስ፣ የዶዙን ርቀት ማየት ነው፤ ኢንሱሊን የመጨረሻው ነው፣ ያለ ተደጋጋሚ መለኪያም አይሞከር። የመለኪያ ስትሪፕ እጥረት ሲኖር ለስቴሮይድ ሕፃናት ቅድሚያ ይሰጥ።

ኮርቲዞል መለካት የሚቻልበት ቦታ ከሆናችሁ ናሙናው ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ይወሰድ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚያየው እኛ የሰጠነውን ነው። ፕሬድኒዞሎንም በብዙ መለኪያዎች እንደ ኮርቲዞል ሆኖ ይነበባል። በጨቅላ ደም ውስጥ የፅንሱ አድሬናል ክፍል የሚሠራቸው ሌሎች ስቴሮይዶችም ስላሉ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ሊወጣ ይችላል። ለመስጠት ውጤቱን አትጠብቁ።

መቼ ይቁም? ዶፓሚኑ ከቆመና ግፊቱ አንድ ቀን ከጸና ሃይድሮኮርቲዞኑን መቀነስ ይጀመራል፤ በየ8 ሰዓቱ የነበረው በየ12፣ ከዚያ በየ24 ሰዓቱ፣ ከዚያ ይቆማል። ሦስት ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ያለ ቅነሳም ማቆም ይቻላል። ከሳምንት በላይ ከሄደ ግን ዕጢው ተኝቷል፤ ቀስ ብሎ መቀነስ፣ ካቆመም በኋላ ግሉኮሱን፣ ሶዲየሙንና ግፊቱን ለጥቂት ቀናት መከታተል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ቢመጣ ስቴሮይድ ዳግም ሊያስፈልገው ስለሚችል በካርዱ ላይ ይጻፍ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የማይሠራበት አንድ ሕፃን አለ፤ በተፈጥሮ አድሬናሉ ኮርቲዞል መሥራት የማይችል። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ እያስታወከ፣ ክብደቱ እየወረደ፣ ሶዲየሙ ዝቅ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ይመጣል። ሴት ከሆነች ብልቷ የወንድ ሊመስል ይችላል፤ ወንዱ ግን ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ነው የሚያመልጠን፣ «ተቅማጥ ነው» ተብሎ ፈሳሽ ብቻ ተሰጥቶት ይሞታል። እዚህ ትንሽ ዶዝ አይሠራም። በአንድ ጊዜ 25 ሚ.ግ፣ ወይም በሰውነት ቆዳ ስፋት በስኩዌር ሜትር ከ50 እስከ 100 ሚ.ግ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል በ24 ሰዓት በየ6 ሰዓቱ ተከፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ከኖርማል ሳላይንና ከግሉኮስ ጋር። የቆዳ ስፋቱን ለማስላት ክብደቱን በ4 አባዝቶ 7 መደመር፣ ክብደቱ ላይ 90 ደምሮ ለዚያ ማካፈል ነው፤ 3 ኪሎ ሕፃን 0.2 ስኩዌር ሜትር ይሆናል። የእርስዎን ሕፃን በዚህ ብናየው ስፋቱ 0.167 ነው፣ በኪሎ 0.5 ሚ.ግ በየ8 ሰዓቱ የምንሰጠው በቀን 3.15 ሚ.ግ ደግሞ በስኩዌር ሜትር 19 ሚ.ግ ገደማ ይሆናል። ጤነኛ አካል በቀን የሚሠራው በስኩዌር ሜትር ከ6 እስከ 8 ሚ.ግ ስለሆነ፣ ከእጥፍ በላይ ሰጥተነዋል። ግፊት ለማንሣት ይህ ይበቃል፤ በስኩዌር ሜትር 100 ሚ.ግ ለእሱ በቀን በኪሎ 8 ሚ.ግ ነበር የሚሆነው፣ ዕጢው ላልተበላሸ ሕፃን ይህ ከጉዳቱ በቀር አይጨምርም።

ወራት ለሞላቸው ሕፃናት ሒሳቡ ይገለበጣል። ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ጉበት በኪሎ ሲታሰብ ከአዋቂም በላይ ሊሠራ ስለሚችል፣ እዚያ የሚያሳስበው መድኃኒቱ ቶሎ ማለቁ ነው፤ በየ6 ሰዓቱ መስጠት ለእነሱ ትክክል ነው።

ሕፃኑ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ከሆነ የመጨረሻው ዶዝ ሰዓት በማስተላለፊያው ላይ በሚ.ግ፣ በሚ.ሊ ከነማቅጠኛው፣ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት (08፡00)»። ዝም ብሎ «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ዶዝ የተቀባዩ ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ካነበበው ቀጣዩ ዶዝ በ6 ሰዓት ይዘገያል፤ በተቃራኒው ካነበበው ደግሞ ሁለት ዶዝ በላይ በላዩ ይገባል። ፌኖባርቢታል የተጀመረበትን ቀንና እናቲቱ የወሰደችውን ዴክሳሜታዞንም አብረው ይጻፉ።